ቴሌኮንቨርተር ልትገዙ ነው? ባለ 1.4 ወይስ ባለ 2?

አዲስ አበባ ውስጥ የሠርግ ፎቶ አንሺ ቦርሳ ብትከፍቱ «ሰባ ሁለት መቶ» አታጡም። ኤፍ 2.8 የሆነው ከባዱ 70-200 ሚሊሜትር ሌንስ ማለቴ ነው (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል)። ቀለበት ሲደረግ፣ ኬክ ሲቆረስ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሩቅ ለማንሳት እንጀራችን እሱ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ያው ፎቶ አንሺ ባሌ ይሄዳል። ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ያያል። ቤቱ ገብቶ ፎቶውን ሲከፍት ቀበሮዋ የምስር ፍሬ አክላለች። በማግስቱ «ቴሌኮንቨርተር ያለው ሰው ታውቃላችሁ?» እያለ ይደውላል፤ ሌንስ ላይ ተጨምሮ ሩቁን የሚያቀርበውን ዕቃ ማለቱ ነው።

እኔም የገባሁበት እንደዚሁ ነው። የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ «አንድ ባለ 2 ያዝልኝ» አልኩት። ሻጩ «ለሁሉም ሌንስ ይሆናል» ብሎ ሸጠለት። የደረሰኝ ቀን 70-200ው ተከራይቶ ወጥቷል። ትዕግሥት የለኝምና ለሙከራ ብዬ ትንሿን 50 ሚሊሜትር አነሳሁ። ሊገባ ጀምሮ ቀጥ አለ። ትንሽ ገፋ አደረግኩት። አሸዋ በጥርስ ሲፈጭ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። በስልኬ መብራት ሳየው፣ ከኮንቨርተሩ አፍ ወደ ፊት ያበጠው መስታወት የ50ውን የኋላ መስታወት ነክቶታል። የሩዝ ፍሬ የምታህል ጭረት ትታይ ነበር። እስካሁን አለች።

ስለዚህ ይህን መመሪያ እንደኔ ገዝታችሁ ሳይሆን ሳትገዙ አንብቡት። እኛ አገር የገዛነውን ዕቃ በሳምንቱ ወደ ሱቁ የምንመልስበት ዕድል ጠባብ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ከሆነማ ጭራሽ።

በመጀመሪያ፣ ነገሩ ምንድን ነው?

ቴሌኮንቨርተር በሌንሱና በካሜራው መካከል የሚገባ፣ ውስጡ መስታወት ያለው አጭር ቱቦ ነው። ካነን «ኤክስቴንደር» ይለዋል። ሌንሱ ከሰጠው ምስል መካከሉን ወስዶ ያሳድጋል። ባለ 1.4ቱ (1.4 እጥፍ የሚያቀርበው) የምስሉን ስፋት ግማሽ ብቻ ወስዶ ሴንሰሩን፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለውን ሰሌዳ፣ ይሞላበታል። ባለ 2ቱ ሩቡን ብቻ ነው የሚወስደው። ኒከን በድሮው ኤፍ ማውንቱ (ማውንት ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚገጠምበት አፍ ነው) ባለ 1.7 ጭምር ነበረው፤ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ ታገኙታላችሁ።

ሁለት ነገር ከዚህ ይመጣል። አንደኛ፣ ብርሃኑ በሰፊ ቦታ ስለሚበተን ይሳሳል። ሁለተኛ፣ ሌንሱ ጉድለት ካለበት ጉድለቱም አብሮ ያድጋል። ጥሩ ሌንስ ላይ ስትገጥሙት ጥራቱን ትንሽ ይቀንሳል፤ መካከለኛ ሌንስ ላይ ስትገጥሙት ያጋልጠዋል።

ደረጃ 1፦ መቀሱን ሞክሩ

«ርቆብኝ ነበር» ያላችሁትን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱና ክሮፕ አድርጉት። ካሜራችሁ 24 ሜጋፒክስል ከሆነ፣ በባለ 1.4ቱ ልክ ስትቆርጡት 12 ገደማ ይቀራል። በባለ 2ቱ ልክ ስትቆርጡት 6። 45 ሜጋፒክስል ከሆነ ደግሞ 23 እና 11 ገደማ። 12 ሜጋፒክስል ኤ4 ወረቀት ላይ ጥርት ብሎ ይታተማል። ቴሌግራም ላይ ለሚለጠፍ 6ቱም ይተርፋል። የቆረጣችሁት ፎቶ ደስ ካላችሁ ገንዘባችሁ ኪሳችሁ ይቆይ።

አንዳንድ ካሜራ ሜኑው ውስጥ «ዲጂታል ቴሌኮንቨርተር» የሚል ነገር አለው። እሱም ያው መቀስ ነው፤ ካሜራው ይቆርጥላችኋል።

ሌላው ጥያቄ እግር ነው። ስሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ ለማንሳት ኮንቨርተር አያስፈልግም። መንጋው ሣሩን እየነጨ ከፊታችሁ ጥቂት ሜትር ላይ ይቀመጣል፤ እንዲያውም 200 ይበዛል። ሐዋሳ ዓሣ ገበያ ያለው አባ ኮዳም እንደዚሁ ነው፤ ካልተጠነቀቃችሁ ቦርሳችሁን ይፈትሻል። ዋልያ ግን ገደል ማዶ ነው፤ እግር አያደርስም። ቀይ ቀበሮም ፍልፈል እያደነች ሳለ ብትጠጓት አደኗን ታበላሹባታላችሁ። ያን ጊዜ ነው ኮንቨርተር የሚታሰበው።

ርቀት ሲባል ግን አንድ መስታወት የማይፈታው ነገር አለ። አዋሽ ፓርክ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ሩቅ የቆመ ሳላ ብታነሱ፣ ከመሬት የሚነሳው ሙቀት እንስሳውን እንደ ውኃ ያንቀጠቅጠዋል። ኮንቨርተር ስትጨምሩ መንቀጥቀጡን ነው የምታሳድጉት። በማለዳ ሂዱ፣ አለዚያም ቅረቡ።

ደረጃ 2፦ ብርሃኑን ቁጠሩ

ምርጫውን የሚወስነው ይህ ነው። ብዙ ሰው የሚጀምረው «ስንት እጥፍ ያቀርብልኛል?» ብሎ ነው። እኔ ግን «ሌንሴ ስንት ብርሃን ያስገባል?» ብላችሁ ጀምሩ እላለሁ። ባለ 1.4ቱ አንድ ስቶፕ ይበላል፤ ማለትም ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል። ባለ 1.7ቱ አንድ ተኩል። ባለ 2ቱ ሁለት ስቶፕ፤ ሩብ ብርሃን ብቻ ይቀራችኋል።

እጃችሁ ላይ ሊኖሩ የሚችሉትን ሌንሶች እንቁጠር፦

- 70-200 ኤፍ 2.8፦ በ1.4 ወደ 280 ኤፍ 4፣ በ2 ወደ 400 ኤፍ 5.6።
- 70-200 ኤፍ 4፦ በ1.4 ወደ 280 ኤፍ 5.6፣ በ2 ወደ 400 ኤፍ 8።
- 100-400 ኤፍ 4.5-5.6፦ በ1.4 ወደ 560 ኤፍ 8፣ በ2 ወደ 800 ኤፍ 11።
- 150-600 ኤፍ 5-6.3፦ በ1.4 ወደ 840 ኤፍ 9፣ በ2 ወደ 1200 ኤፍ 13።

ቁጥሩ ሜዳ ላይ ምን እንደሚመስል አንድ ጠዋት ላሳያችሁ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይ ገና ከዛፉ በታች። ደንገል ላይ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ዓሣ አጥማጅ ወፍ ተቀምጣለች። ባዶው 70-200 በኤፍ 2.8፣ በ1/1000 ሰከንድ አይኤስኦ (የሴንሰሩ የብርሃን ንቃት) 800 ይጠይቀኛል። ባለ 1.4ቱን ስገጥም 1600። ባለ 2ቱን ስገጥም 3200። ተቀምጣ ሳለች በባለ 2ቱ አነሳኋት፤ ላባዋ እስኪቆጠር ባይሆንም ጥሩ ወጣች። ከዚያ ድንገት ወደ ውኃው ተወረወረች። ፎከሱ ወደ ፊት ሄደ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ ተመለሰ። እሷ ዓሣዋን ይዛ ደንገሏ ላይ ስትመለስ እኔ የያዝኩት 11 የብዥታ ፎቶ ነው።

ጥፋቱ የወፏ አይደለም። ኮንቨርተር ሲገባ ፎከስ ይዘገያል። ካነን ለድሮዎቹ ኢኤፍ ሌንሶቹ በሠራቸው ኤክስቴንደሮች ይህን ሆን ብሎ ነው የሚያደርገው፤ ፎከሱ እንዳይስት የሞተሩን ፍጥነት በባለ 1.4 በግማሽ፣ በባለ 2 ወደ ሩብ ያወርደዋል። በማግስቱ በባለ 1.4 ተመለስኩ። ወፏ በፍሬሙ ውስጥ አነሰች፤ ግን ዓይኗ ፎከስ ውስጥ ነበር።

ደረጃ 3፦ ቦዲያችሁን (ሌንስ የሌለውን ካሜራ) እወቁ

ዲኤስኤልአር፣ ማለትም ውስጡ ማንጸባረቂያ መስታወት ያለው የቆየው ዓይነት፣ ከሆነ ተጠንቀቁ። አብዛኞቹ የቆዩ ቦዲዎች ራስ ሰር ፎከስ የሚሠሩት እስከ ኤፍ 5.6 ነው። ከዚያ ከጠበበ ፎከሱ ይፈልጋል፣ ይፈልጋል፣ ይተዋል። እንደ ካነን 7ዲ ማርክ 2 እና ኒከን ዲ500 ያሉት እስከ ኤፍ 8 ይሄዳሉ፤ እሱም በጥቂት ነጥብ ነው፤ 7ዲ ማርክ 2 ላይ የመካከሏ አንድ ነጥብ ብቻ ናት። ስለዚህ 70-200 ኤፍ 4 ከባለ 2 ጋር፣ ወይም 100-400 ከባለ 1.4 ጋር ለብዙ ዲኤስኤልአር ባለቤት የእጅ ፎከስ ሥራ ነው።

ሚረርለስ፣ ማለትም ያ ማንጸባረቂያ መስታወት የሌለው አዲሱ ዓይነት፣ ያላችሁ ተገላግላችኋል። ፎከሱ ከሴንሰሩ ላይ ስለሚነበብ ጠባብ አፐርቸር (የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ) ያን ያህል አያስቸግረውም። ካነን አር5 እና አር6 እስከ ኤፍ 22 ድረስ ፎከስ ያደርጋሉ። ሥራውን ይሠራል ማለት ግን በደመናማ የክረምት ቀን ይፈጥናል ማለት አይደለም።

ደረጃ 4፦ ይገጥማል ወይ?

እዚህ ጋ ቁጭ ብላችሁ ጊዜ ስጡት። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው።

ጥሩዎቹ ኮንቨርተሮች ከፊታቸው የወጣ መስታወት አላቸው። ሌንሱ ከኋላው ጎድጎድ ብሎ ቦታ ካልሰጠው አይገባም። የኔ 50 ሚሊሜትር ታሪክ ይኸው ነው። ከካሜራ ጋር አብረው የሚሸጡት ትንንሽ ዙሞችም አይሆኑም። የሌንሱን ሞዴል ሙሉ ስም፣ ከነማርክ ቁጥሩ፣ ጻፉና አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ካለው የተኳኋኝነት ዝርዝር ጋር አስተያዩ። «70-200 ነው» ማለት አይበቃም። ለምን እንደማይበቃ ተመልከቱ።

ካነን። የኢኤፍ 70-200 ሌንሶች ሁሉም ኤክስቴንደር ይቀበላሉ። ሰው ወደ ሚረርለስ ሲዛወር «አዲሱማ ይበልጣል» ብሎ የሚረርለሱን አርኤፍ 70-200 ኤፍ 2.8 ይገዛል። ያቺ አጭሯና ስትዘረጋ የምትረዝመዋ ግን ኤክስቴንደር ጨርሶ አትቀበልም። በ2024 የወጣው «ዜድ» የሚል ፊደል ያለው፣ የማይዘረጋው ግን ይቀበላል። አርኤፍ 100-500 ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ኤክስቴንደሩ የሚገባው ዙሙን ከ300 አልፋችሁ ስትከፍቱ ነው። ከገባ በኋላም የምትሠሩት ከ300 እስከ 500 ባለው ብቻ ነው። ወደ ኋላ ስለማይመለስ ቦርሳ ውስጥም ተዘርግቶ ነው የሚገባው።

የድሮውን ኢኤፍ ሌንስ በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) የካነን ሚረርለስ በሆነው አር ቦዲ ላይ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ የሚያስፈልጋችሁ የኢኤፍ ኤክስቴንደር ነው። ተራው ሌንስ፣ ኤክስቴንደር፣ አዳፕተር፣ ቦዲ ነው። አርኤፍ ኤክስቴንደር ገዝታችሁ አዳፕተሩ ላይ ልትሰኩ እንዳትሞክሩ። ኒከንም ላይ ሕጉ ያው ነው፤ የድሮው ኤፍ ማውንት ሌንስ የኤፍ ማውንት ኮንቨርተር ይፈልጋል፣ አዳፕተሩ ከኋላ ይመጣል። ለሚረርለስ የተሠራው የኒከን ዜድ 70-200 ኤፍ 2.8 የዜድ ኮንቨርተሮቹን ሁለቱንም ይቀበላል።

ሶኒ። ጂ ማስተር 70-200 ኤፍ 2.8፣ 100-400 እና 200-600 ይቀበላሉ። የመጀመሪያው 70-200 ኤፍ 4 አይቀበልም፤ ሁለተኛው ይቀበላል። ለሶኒ የተሠሩ የሲግማና የታምሮን ሌንሶች ደግሞ ኮንቨርተር አይቀበሉም። ይህ ብዙ ሰው ያስለቅሳል፤ የታምሮን 70-180 ዋጋው ደስ ብሎት የገዛ ሰው በኋላ በር ዝግ ሆኖ ያገኘዋል። የሚገርመው፣ የሲግማው 70-200 ኤፍ 2.8 ለኤል ማውንት (ለላይካና ለፓናሶኒክ ካሜራዎች) ሲሠራ ይቀበላል፣ ለሶኒ ሲሠራ አይቀበልም።

ኬንኮ የሚባለው የሌላ አምራች ኮንቨርተርስ? ዋጋው ረከስ ይላል፤ መስታወቱም ያን ያህል ወደ ፊት ስለማይወጣ ብዙ ሌንስ ላይ ይገባል። ባለ 1.4ቱን ተውሼ ሠርቼበታለሁ፤ ለእንጀራ ያደርሳል። መግባቱ ግን ይሆናል ማለት አይደለም፤ እንደ 18-135 ያለ ተራ ዙም ላይ ገጥማችሁ ተአምር አትጠብቁ።

ደረጃ 5፦ ምረጡ

ኤፍ 2.8 ሌንስ ካላችሁ፣ ባለ 1.4። ካሜራው ላይ ረስታችሁት ሥራ ውላችሁ ልትገቡ ትችላላችሁ፤ ያን ያህል አይሰማም። ጃንሜዳ ጥምቀት ስታነሱ ከሕዝቡ በላይ ታቦቱን ለማቅረብ፣ ከሜዳው ዳር ሆኖ የማዶውን ግብ ለማንሳት 280 በኤፍ 4 የተመቸ ነው። ባለ 2ቱን የምመክረው ኤፍ 2.8 ሌንስ፣ ጥሩ ፀሐይና ዝም ብሎ የሚቀመጥ እንስሳ ላለው ሰው ነው። 300 ወይም 400 ኤፍ 2.8 ያላችሁ ሀብታሞች ሁለቱንም ግዙ፤ እናንተ ምክር አትፈልጉም።

ኤፍ 4 ሌንስ ካላችሁ ባለ 1.4 ብቻ። ባለ 2ን እርሱት።

100-400 ካላችሁና ሚረርለስ ከሆነ፣ ባለ 1.4ቱ ለወፍ ይረዳል፤ በማለዳ ብርሃን ግን ያማርራችኋል። 150-600 ካላችሁ ተዉት። 840 በኤፍ 9 የሚመኘው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው በዝግታ መጠጋት ነው።

በወር አንዴ ለወፍ የምትወጡ ከሆነ ኮንቨርተር ያዋጣል። የካነን ባለ 1.4 ማርክ 3 225 ግራም ነው፤ ጃኬት ኪስ ውስጥ ይገባል። በየሳምንቱ የምትወጡ ከሆነ ግን ገንዘብ አጠራቅማችሁ ረጅም ሌንስ ግዙ። 100-400 በ400 ላይ፣ ከ70-200 እና ከባለ 2 በፍጥነትም በጥራትም ይሻላል። ሁለት ኮንቨርተር ደራርቦ መግጠምን በተመለከተ፣ ሦስት ስቶፕ ይበላል፤ ጨረቃ ለማንሳት ካልሆነ አልመክርም።

ደረጃ 6፦ ተዋሱና ፈትኑ

ከሙያ ጓደኛ ለአንድ ቅዳሜና እሑድ ተዋሱ። ቤት ውስጥ እንዲህ አድርጉ። የአዲስ ዘመን ጋዜጣ አንድ ገጽ ብርሃን ያለበት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። 10 ሜትር ራቁ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁሙ፣ የሌንሱን ማረጋጊያ አጥፉ፣ የ2 ሰከንድ ታይመር አድርጉ። ባዶውን ሌንስ፣ ባለ 1.4ቱን፣ ባለ 2ቱን በየተራ አንሱ። እያንዳንዱን አንዴ በሰፊው አፐርቸር፣ አንዴ አንድ ስቶፕ አጥብባችሁ። በየመካከሉ ፎከሱን አዛብታችሁ እንደገና ያዙ፤ ሦስት ሦስት አንሱ፤ ከሦስቱ የተሻለውን ውሰዱ።

ከዚያ የባዶውን ሌንስ ፎቶ አሳድጋችሁ ከኮንቨርተሩ ጋር ጎን ለጎን አኑሩት። ደቃቁ ጽሑፍ በኮንቨርተሩ ካልተሻለ፣ ኮንቨርተሩ የሰጣችሁ ነገር የለም። ባለ 2ቱ ኤፍ 5.6 ላይ ለስለስ ብሎ ኤፍ 8 ላይ ጥርት ማለቱን ታያላችሁ፤ ሜዳ ላይ ያንን አንድ ስቶፕ ጨምራችሁ አስቡት። ዲኤስኤልአር ላይ ፎከሱ ከጽሑፉ ፊት ወይም ኋላ ካረፈ፣ ሜኑ ውስጥ ያለውን የፎከስ ማስተካከያ ለኮንቨርተሩ ለብቻው አስተካክሉ።

ከዚያ ውጡ። በእጅ ስትይዙ የሸተሩን (የመዝጊያውን) ፍጥነት ቢያንስ ከሚሊሜትሩ ጋር አስተካክሉት፤ 400 ላይ ከሆናችሁ ከ1/400 በታች አትውረዱ። ለሚንቀሳቀስ ወፍ 1/1000፣ ለሚበር 1/2000። መኪና ውስጥ ከሆናችሁ ሽምብራ የሞላ የጨርቅ ከረጢት መስኮቱ ላይ አድርጋችሁ ሌንሱን አሳርፉበት፤ ሞተሩን አጥፉ። ከትራይፖድ ይሻላል፤ ሲርባችሁም ሽምብራው አለ። ኮንቨርተሩን የምትገጥሙት መስኮት ዘግታችሁ፣ ካሜራውን አጥፍታችሁ፣ የቦዲውን አፍ ወደ ታች ደፍታችሁ ነው። ሳነቴ ላይ ነፋሱ አቧራውን እስኪያቀብላችሁ አትጠብቁ።

አንድ ምርቃት አለ። ኮንቨርተር ሲገባ ሌንሱ የሚጠጋበት ዝቅተኛ ርቀት አይለወጥም። 1.2 ሜትር ላይ ፎከስ የሚያደርገው 70-200 ባለ 2 ጨምሮም 1.2 ሜትር ላይ ያደርጋል፤ ቢራቢሮዋ ግን እጥፍ ትሆናለች። ማክሮ ሌንስ ለሌለው ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

ደረጃ 7፦ ከሻጩ ጋር ስትገናኙ

ሌንሳችሁንና ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በመጀመሪያ ቱቦውን ወደ ብርሃን አንሱና በውስጡ ተመልከቱ። መስታወት ከሌለው ኤክስቴንሽን ቱቦ ነው፤ ለማክሮ እንጂ ለሩቅ አይሆንም። ሌንስ ፊት ላይ እንደ ፊልተር የሚጠመደውንም «2.2 ያቀርባል» ቢሏችሁ አትንኩ። ቀጥሎ የስልክ መብራት በጎን አብርታችሁ ጭረትና የሸረሪት ድር የሚመስል ሻጋታ ፈልጉ። ሌንሱንና ካሜራውን የሚያነጋግሩት ወርቃማ ነጥቦች ያልተበሉ፣ ያልጠቆሩ መሆን አለባቸው። ግጠሙት፤ ሌንሱን ይዛችሁ ወዘወዝ አድርጉ፤ ከተላወሰ ማውንቱ አልቋል። ካሜራውን አብሩና 70-200 ኤፍ 2.8 ከባለ 2 ጋር ኤፍ 5.6 ማሳየቱን አረጋግጡ። አሁንም ኤፍ 2.8 ካለ ወይም ስሕተት ከጻፈ አይነጋገሩም ማለት ነው። ቅርብና ሩቅ ፎከስ አድርጋችሁ አንድ 20 ፎቶ አንሱ።

በመካከሉ ሻጩ «ለሁሉም ሌንስ ይሆናል» ካላችሁ አትከራከሩ። ከመደርደሪያው ላይ የራሱን 50 ሚሊሜትር አውርዶ ገጥሞ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።